ኒሙ ላይ የተሰቀለው ሞተር

ሰሞኑን ሦስት ሰዎች ከአዲስ አበባ መጥተው፣ ግቢዬ ውስጥ ኒሙ ሥር የቆመችውን መኪና ሸራዋን ገፈፏት። የአሮጌ መኪና ወዳጆች ነን አሉኝ። የባለቤቴ አርባ ከወጣ ብዙም አልቆየ፤ ጥቁሬን እንደለበስኩ ነው በር የከፈትኩላቸው። ሸራው ሲነሳ ያ የማውቀው ሽታ ወጣ፤ የዘይት፣ የአሮጌ ቆዳና ፀሐይ ያገኘው ጎማ ሽታ። «እግዚአብሔር ያጽናዎት» ያሉበት አፋቸው ሳይደርቅ ሦስቱም ኮፈኗ ላይ ጎንበስ ብለው ክርክር ጀመሩ። የፊት መብራቷ ኦሪጅናል ነው፣ አይደለም። ቀለሟ ከፋብሪካ የወጣችበት ነው፣ አይደለም። ወንበሬን ስቤ ጥላ ሥር ተቀመጥኩ። ይህን ክርክር አውቀዋለሁ። ድምፃቸው ነው እንጂ የተለየው፣ ነገሩ ልጅ ሆኜ እዚሁ ግቢ፣ እዚሁ ዛፍ ሥር ስሰማው ያደግሁት ነው። ያኔም አበሳጭቶኛል።

መኪናዋን አባባ የገዛት ከጦርነቱ በኋላ ድሬ ዳዋ ከቆዩት እንግሊዞች አንዱ አገሩ ሊገባ ሲል ነው። አባባ የጉምሩክ ጸሐፊ ነበር፤ ቤታችን ከዚራ ሰፈር፣ እንደዛሬው ነው። መኪናዋ ከመሬት ብዙም አትርቅም። ሁለት ሰው ብቻ ትይዛለች፤ ጣሪያዋ የሸራ፣ ቸርኬዋ እንደ ብስክሌት ባለ ሽቦ፣ ኮፈኗ በቆዳ ቀበቶ የታሰረ፣ መሪዋ በስተቀኝ። የሰፈር ልጆች «እንግሊዟ» እንላታለን። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አባባ ሞተሩን በእጅ እየጠመዘዘ ሲያስነሳት ሱዚያችንን ጥለን እንሮጣለን፤ የኒም አበባና የቤንዚን ሽታ ተቀላቅሎ አፍንጫችን ውስጥ ይቀራል። እኛ ግን አንወጣባትም። ከአባባ ጎን ያለው ወንበር የወዳጆቹ ነበር።

ወዳጆቹ ሦስት ነበሩ። አንዱ ሙሴ ኒኮላ፣ የዳቦ ቤቱ ግሪክ፣ በወጣትነቱ አስመራ ውስጥ የመኪና እሽቅድምድም አይቶ የማይረሳ። ሁለተኛው ጋሽ ታደሰ፣ የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን፣ ከየትም እያፈላለገ የእንግሊዝ የመኪና መጽሔት የሚያነብ። ሦስተኛው ዓሊ፣ መጋላ ውስጥ የመለዋወጫ ሱቅ ያለው ሶማሌ፣ የሚመጣው ለመኪናዋ ሳይሆን በሁለቱ ለመሳቅ ነው። እሑድ ከሰዓት ጫት ይዘው ኒሙ ሥር ይቀመጡና ስለ መኪናዋ ይጨቃጨቃሉ። ሙሴ ኒኮላ አንድ ቃል አለው፤ «ይሄ እውነተኛ አይደለም። ይሄ ተራ መኪና ነው፣ የስፖርት ልብስ ለበሰ።» አባባ ይህን በሰማ ቁጥር ፊቱ ይቀላል። ዓሊ ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል። «ወሪያ ኒኮላ፣ አንተስ እውነተኛ ግሪክ ነህ? እስቲ ልብስህን አውልቅና እንይ!»

እህቴ ሮማን ከጅቡቲ የባቡር መስመር ሠራተኛ ጋር ልትጋባ ሆነ። እትዬ ሮማን ከእኔ አሥር ዓመት ያህል ትበልጣለች፤ ፀጉሬን የምትሠራኝ፣ ከቀፊራ ገበያ ስትመለስ የሚቆረጠም ኮቾሮ በመሐረብ ቋጥራ የምታመጣልኝ እሷ ናት። አባባ አንድ ቀን ራት ላይ፣ «ልጄን ቤተ ክርስቲያን የማደርሳት እኔው ነኝ፤ በእንግሊዟ» አለ። ሽማግሌዎቹ ሙሽራው ሳይመጣ እንዴት ተብሎ ቢሉም አልሰማም። እትዬ ከጎኑ ትቀመጣለች፤ እኔ ደግሞ ትንሽ ስለሆንኩ ከወንበሩ ኋላ ተሸጉጬ ቬሏን እይዛለሁ። ከዚያች ማታ ጀምሮ ሌላ ነገር አላሰብኩም። ትምህርት ቤት ለማላውቀው ልጅ ሁሉ ነገርኩ። እትዬም ብትሆን ኩራቷን ብትደብቅም፣ መስተዋት ፊት ቬሏን ለብሳ በነፋስ እንደሚሄድ ሰው አንገቷን ቀና ስታደርግ አይቻታለሁ።

ሠርጉ እሑድ ነበር። ዓርብ ከሰዓት ሙሴ ኒኮላ መጥቶ የዳቦውን ነገር ከእማማ ጋር ከተነጋገረ በኋላ፣ ሲወጣ ኮፈኗን መታ መታ አደረገና፣ «ሙሽራ እውነተኛ፣ መኪና ውሸት» አለ። እንደ ቀልድ ነው ያለው። አባባ ግን አልሳቀም። ጋሽ ታደሰን አስጠራው። ጋሽ ታደሰ መጽሔቱን ይዞ መጣ፤ ትክክለኛዋ መኪና ከሞተሩ ሥር ብረቱ ላይ የፋብሪካ ቁጥር ተመትቶባታል፣ ግን ሞተሩ ካልተነሳ አይታይም አለ። «ልጄን በሐሰተኛ መኪና አልድርም» አለ አባባ። «ይነሳ።»

እማማ ሽንኩርት እየላጠች ከዳሱ ውስጥ ሰማችው። «አንተ ሰው፣ ከነገ ወዲያ ሠርግ አይደለም ወይ?» አለችው። «እስከ ማታ ይመለሳል» አላት። እሷም፣ «ሲያጌጡ ይመላለጡ» ብላ ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች።

ሰንሰለት በኒሙ ወፍራም ቅርንጫፍ ላይ ጥለው ሞተሩን ጎትተው አወጡት። ሰፈሩ በሙሉ መጥቶ ቆሞ ያያል። ጋሽ ታደሰ ልብሱን ሳያወልቅ ከመኪናዋ ሥር ገብቶ ዝገቱን ፋቀ፣ ፋቀና «አለ! ቁጥሩ አለ!» ብሎ ጮኸ። አባባ ኮፍያውን አውልቆ ሳቀ። እኔም እንዳበቃ መስሎኝ ጨፈርኩ። ሙሴ ኒኮላ ግን ጎንበስ ብሎ አይቶ ቀና አለና ትከሻውን ሰበቀ። «ቁጥር ማንም ይመታል። መዶሻ ካለ፣ ቁጥር አለ።» ሌላ ሁለት ሰዓት ተጨቃጨቁ። ሲመሽ ሞተሩን ሊመልሱት ዝቅ ሲያደርጉት፣ ከሚይዙት ብሎኖች አንዱ ዝጎ ኖሮ ተቀነጠሰ፤ ሞተሩን መልሰው ሰቀሉት።

የእንግሊዝ ብሎን ጥርሱ ለብቻው ነው፤ ድሬ ዳዋ ውስጥ ያለው ብሎን ሁሉ የጣልያንና የፈረንሳይ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ዓሊ አንድ እፍኝ የጣልያን ብሎን በሻይ ቆርቆሮ ይዞ መጣ። «ከነዳዶው ነው። አስገቡት፣ እሰሩት፣ ልጅቷን ዳሩ» አለ።

«የጣልያን ብሎን?» አለ አባባ። «ቤቴን አቃጥሎ የሄደው ጣልያን አሁን በብሎን ሊገባብኝ?»

«አቦ፣ ብሎን ነው እኮ! ወላሂ ብሎን ዜግነት የለውም!»

የሚገርመው እስከ ትናንት ውሸት ናት ሲል የነበረው ሙሴ ኒኮላ ነው ከሁሉ የባሰው። «የጣልያን ብሎን ከገባ፣» አለ እጁን እያወናጨፈ፣ «ያኔ በእውነት ውሸት ትሆናለች!» ጋሽ ታደሰም አንገቱን ነቀነቀ። ከጅቡቲ በሚመጣው ባቡር የእንግሊዙ ብሎን እንዲላክ መልእክት ተላከ። ባቡሩ የሚገባው እሑድ ማታ እንደሆነ ያውቃሉ። ያውቃሉ! ግን አንዳቸውም ያንን አፍ አውጥተው አልተናገሩም። ዓሊ ቆርቆሮውን ዕቃ ቤት መስኮት ላይ አስቀመጠና፣ «ሲሰለቻችሁ ታገኙታላችሁ» ብሎ ሄደ።

እትዬ ሮማን እንሶስላ እጇ ላይ ታስሮ ጓዳ ተቀምጣለች፤ መንቀሳቀስ አትችልም። እኔን ነው የምትልከኝ።

«ወረደ?»

ሮጬ አይቼ እመለሳለሁ። «አልወረደም።»

ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «አሁንስ?»

«ተሰቅሏል።»

በመጨረሻ መጠየቅ ተወች። እኔ ግን ሳትልከኝም እየወጣሁ አይ ነበር። ሦስት ትልልቅ ሰዎች የተሰቀለ ሞተር ከበው፣ ሻይ ፉት እያሉ፣ ስለ ካርቦራቶሩ ትክክለኛ ቅርጽ ያወራሉ። ፊታቸው ላይ ደስታ አየሁ። ያ ደስታ ነው እስካሁን የሚያንገበግበኝ። ቢከፋቸው ኖሮ ይቅር እል ነበር።

እሑድ ጠዋት ጋሪ መጣ። ፈረሱ አንገት ላይ አበባ አስረውለታል። እትዬ ቬሏን ለብሳ ስትወጣ እልልታው ቀለጠ፤ ከቤት ወደ በሩ መንገዱ በኒሙ ሥር ነበርና በተሰቀለው ሞተር ሥር አለፈች። ጥቁር ዘይት ጠብ ብሎ ቬሏ ላይ አረፈ። ሴቶቹ እልልታቸውን አቋረጡ። እማማ ፈጥና የተነካውን ወደ ውስጥ አጠፈችው። እትዬ ዞር ብላ አባባን አየችው፤ አየችውና ጋሪው ላይ ወጣች። አባባ አዲሱን ሙሉ ልብሱን ለብሷል፤ እጁ ግን ቢታጠብም ጥቁር ነው። ጋሪውን በእግሩ እየተከተለ ቤተ ክርስቲያን ድረስ ሄደ፤ መኪናዋ ላይ ከጎኑ ይቀመጡ ከነበሩት ወዳጆቹ አንዳቸውም አብረውት አልነበሩም።

ከጅቡቲ የመጣውም ብሎን አልገጠመም። ሞተሩ ወርዶ እንጨት ላይ ተቀመጠ፣ መኪናዋ ሸራ ለበሰች፣ አባባ ከዚያ በኋላ ስለ መኪናዋ ሲያወራ አልሰማሁም። እትዬ ሮማን ጅቡቲ ኖራ እዚያው አረፈች። በመጣች ቁጥር ነገሩን እያነሳች ትስቅ ነበር፤ ስትስቅ ግን ወደ ዛፉ አታይም።

ባለቤቴን ግርማን ያገኘሁት በዚችው መኪና ነው። ከአስመራ ለፋብሪካ ሥራ መጥቶ፣ ከዚራ ውስጥ እንግሊዛዊት አለች ሲሉት ሊያይ በራችንን አንኳኳ። ሊያያት የመጣው መኪናዋን እንጂ እኔን እንዳልነበረ እስኪሞት ድረስ አልደበቀኝም። ስንጋባ፣ «አስነሥቼ እስከ ደንገጎ አወጣሻለሁ፤ ከላይ ሆነሽ ከተማሽን ታያለሽ» አለኝ። አመንኩት። ከአባባ ሌላ ሰው መስሎኝ ነበር። ግን ያው ነበር። ሞተሩን ፈታ፣ ጠረገ፣ ገጠመ፤ ሁሉ አለቀ ሲባል አንድ ብሎን ቀረ፣ የፊት መብራት ቀረ። «የጣልያኑን አስገባና ውሰደኝ» ስለው፣ «ኦሪጅናሉ ይገኛል፤ ትንሽ ታገሺ» ይለኛል። መንግሥት ተለወጠ፣ ባቡሩ ቆመ፣ ልጆቻችን አድገው ወጡ፣ ጉልበቴ ደከመ። እኔ ትንሽ መታገሴን አላቆምኩም። አንዳንድ ማታ ያለ መኪናም ቢሆን በአውቶቡስ ደንገጎ እንሂድ ብዬዋለሁ፤ በአውቶቡስማ ምን ትርጉም አለው ይለኛል።

ይህን እያሰብኩ ተቀምጬ ሳለ፣ ከአዲስ አበባ ከመጡት ሰዎች ወጣቱ ከኮፈኑ ውስጥ ቀና አለና፣ «ይቺን እዩ! ብሎኗ የጣልያን ናት። ደግሞ በቅርቡ ነው የታሰረችው፣ ግሪሷ አልደረቀም። ማነው ይህን ያበላሸው?» አለ።

ተነሥቼ ሄድኩ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ከዚያ ወደ ዕቃ ቤቱ መስኮት ዞር ብዬ አየሁ፤ ዓሊ ያስቀመጣት ቆርቆሮ ክዳኗ ተከፍቶ ነበር። ግርማ በመጨረሻዎቹ ወራት ከሰዓት በኋላ እየወጣ፣ እጁ ጠቁሮ ሲመለስ «ምን ትሠራለህ በዚህ ጤናህ?» ስለው፣ «ቆይ፣ ትንሽ ቀረኝ» ይለኝ ነበር። እንደ ወትሮው መስሎኝ አልጠየቅሁትም። ለምን አልነገርከኝም! እዚያው ቆሜ ተናደድኩበት። በሞተ ሰው ላይ እንደዚያ መናደድ የሚቻል አይመስለኝም ነበር።

«እማማ፣ አይጨነቁ» አለኝ ከሦስቱ ሽማግሌው። «ኦሪጅናሏን ከውጭ እናስመጣለን። ይቺን አሁን እናወጣታለን።» ቁልፉን አስገብቶ ሊፈታ ጀምሯል።

«እጅህን አንሣ!» አልኩት። የእማማ ድምፅ ነው ከአፌ የወጣው። ሦስቱም ቀጥ አሉ። «ትነሣለች ወይስ አትነሣም? ሌላ አልጠየቅኋችሁም።»

ተያዩ። የፊት መብራቱ ትክክለኛው አይደለም ሊሉ ሲጀምሩ ዓይኔን አይተው ተዉት። ከራሳቸው መኪና ትርፍ ባትሪ አመጡ፣ ቤንዚን ጨመሩ፣ ፍሬኗን ሞከሩ፣ ጎማዋን ነፉ። ብዙ ከሳለች በኋላ ተነሣች። መላ ግቢው ተንቀጠቀጠ፤ ከኒሙ ላይ ወፎች ተነሡ። ወጣቱ በስተቀኝ መሪው ላይ ተቀመጠ፤ እኔን ደግፈው በግራ አስቀመጡኝ። ደንገጎ አትደርስም፣ ባቡር ጣቢያው ድረስ ትሞክራለች አለኝ። ይሁን አልኩት።

ድሮ ሰው ሁሉ እሑድ ከሰዓት ጊዜ ነበረው፤ ለመጨቃጨቅም፣ ነገ እናደርሳለን ለማለትም። ነገ ብዙ ነበር። ዛሬ ከዚራ ውስጥ ከኒሞቹ ግማሾቹ ተቆርጠዋል፣ ጋሪው በባጃጅ ተተክቷል፣ የሚጠይቀኝም የምጠይቀውም ሰው ጥቂት ነው። የዚያን ቀን ሰዎች አንዳቸውም የሉም፤ ክርክራቸው ብቻ ሰው እየቀያየረ ይኖራል። እነዚህ ሁለቱም ከኋላ በመኪናቸው እየተከተሉን ስለ መብራቱ ሳይጨቃጨቁ አልቀሩም።

ከግቢ ስንወጣ ከኒሙ ቅርንጫፍ ሥር አለፍን። ሳላስበው ነጠላዬን ሰብስቤ ወደ ላይ አየሁ። ጠብ ያለ ነገር የለም። ጥቁር ለብሼ ነበርና ጠብ ቢልም አይታይም ነበር።