እህቴና የውሸት ሰዎቿ

የቡሬ በርበሬ ጆንያ በተፈታ ቁጥር ያስነጥሰኛል። ይኸው ስንት ዘመን ስነግድበት፣ አፍንጫዬ ግን እስካሁን አልለመደም። ዛሬ ጠዋትም አስነጠሰኝና እህቴ ትዝ አለችኝ። እሷ ማስነጠስ ሲመጣባት በነጠላዋ የምትሸፍነው አፏን ሳይሆን ላፕቶፗን ነበር።

ነገሩ የሆነው ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ፍኖተ ሰላም የተመለሰች ዓመት ነበር። እዚሁ ሥራ ካላገኘች አዲስ አበባ መሄዷ ነበር፤ እናታችን ደግሞ ይህን መስማት አትፈልግም። ደግነቱ የከተማችን ነጋዴዎች ማኅበር አባላቱን በኮምፒውተር መመዝገብ አማረውና "እስቲ ሠርተሽ አሳዪን" አላት።

መጋዘናችን ውስጥ፣ በቆርቆሮው ቀዳዳ በምትገባው ብርሃን፣ ጆንያ ላይ ተቀምጣ ሠራችው። መዝገቡን ለመሞከር ግን ሰው ያስፈልጋል፤ የእውነተኛ ሰው ስምና ስልክ ደግሞ ለሙከራ አይሰጥም። የውሸት ስም፣ የውሸት ስልክ፣ የውሸት አድራሻ የሚፈበርክ ዝግጁ ፕሮግራም አለ አለችኝ። ችግሩ ለፕሮግራሙ የሚጻፍለት ትእዛዝ ብዛት ነው፤ በቃሉ የሚይዘው የለም፣ ከኢንተርኔት እንዳታየው ኢንተርኔቱ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይጠፋል። ስለዚህ ለራሷ አንዲት ትንሽ መፈለጊያ ሠራች። ጥቁር ስክሪን ላይ "ስልክ" የሚለውን በእንግሊዝኛ ስትጽፍ፣ የውሸት ስልክ የሚያወጣው ትእዛዝ የትኛው እንደሆነ ከነምሳሌው ያወጣላታል። ሥዕል የለው፣ ቀለም የለው።

"የውሸት ሰው ደላላ ሆንሽ በይኛ!" አልኳት።

"አንተ ከፑል ቤት ከምታመጣቸው ጓደኞች ይሻላሉ፤ አይከራከሩም።"

እናታችን ምሳ ይዛ ስትመጣ ስክሪኑ ላይ የወጣውን የውሸት ስም አየት ታደርግና "ይኼ ደግሞ የማን ልጅ ነው?" ትላለች።

"የማንም አይደለም እማዬ። የለም እኮ።"

"እናት የለውም? ውይ፣ ምስኪን!"

የማሳያው ቀን የማኅበሩ ሊቀ መንበር ሁሉንም አይተው "ግሩም ነው የኔ ልጅ፤ ለከርሞ እናስብበታለን" አሉ። በእኛ ገበያ ይህ "አንገዛም" ማለት ነው። ከኋላ የተቀመጠ አንድ የአዲስ አበባ እንግዳ ግን መዝገቡን ትቶ ያቺን ጥቁር ስክሪን መነካካት ያዘ። "ይህችን ራስሽ ነሽ የሠራሻት?" አላት። በሳምንቱ ደውሎ ሥራ ሰጣት፤ ሥራው አዲስ አበባ።

"እናቴን ትቼ አልሄድም" አለች እህቴ።

እናታችን በርበሬ እየቀነጠሰች ነበር። ቀና ሳትል "ሂጂ እንጂ። ወንድምሽ እያለልኝ እኔ ምን እሆናለሁ?" አለቻት።

ያኔ እኔ ከፑል ቤት የማልወጣ፣ በመጋዘን ቁልፍ እንኳ የማልታመን ጎረምሳ ነበርኩ። ዕቃ ከዋጋው በላይ ሲጠራ አውቃለሁ፤ እናቴ ልጇን ለመሸኘት ስትል ዋጋዬን ሰቅላው ነው። እህቴም ገብቷታል። ዞር ብላ አለቀሰችና ልብሷን ማጠፍ ጀመረች።

መናኸሪያ ሸኝተናት ስንመለስ እናቴ ክንዴን ያዘች። ከዚያ በፊት ተደግፋኝ አታውቅም። ፑል ቤቱ ደጃፍ ላይ ጓደኞቼ በስሜ ጮኸው ጠሩኝ። ያልሰማሁ መስዬ፣ በእርምጃዋ ልክ እየተራመድኩ አለፍኩ።