ከለቅሶ ሜዳ ያመለጠ ግጥም

በቡሬ ዙሪያ ሰው ሲሞት ከጥሩምባው ቀጥሎ የሚጠራው የእማዋይሽ ስም ነበር። «ተነግሯታል ወይ?» ይባላል። እሷ ካልመጣች ለቅሶው አይሞቅም፤ ሐዘንተኛውም የሆዱን ሳያወጣ ይመለሳል። ሟቹን ባታውቀው እንኳ የሚስቱን ፊት አንዴ አይታ፣ ግቢውን በዐይኗ ቃኘት አድርጋ፣ ነጠላዋን አደግድጋ ትነሳለች። በሰኔ መግቢያ ዕርፍ እንደያዘ ወድቆ ለቀረ ጎልማሳ፣

እርሻህ ተጋመሰ ዝናቡም ጀመረ፣
በሬህ ዞሮ አየና ብቻውን አደረ።

ብላ ስታወርድ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ዕንባ አልወጣ ብሏት እንደ ድንጋይ የተቀመጠችው ሚስቱ ያን ጊዜ ነው እሪ ያለችው። የሰው ሐዘን እንዲህ ወለል ብሎ የሚታያት ሴት፣ የገዛ ሆዷ ግን ጨለማ ነበር።

ካቻምና ክረምት እናቷ ታመሙ። መንገዱ ተዘግቷል፣ የስልክ መስመሩም ጠፍቷል። ታናሽ እህቷ ንግሥቴ ፍኖተ ሰላም ከአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ስለምትሠራ፣ እናቷን የምታጥበው፣ የምታገላብጠው፣ አጥሚቱን በማንኪያ የምታጎርሰው እማዋይሽ ብቻ ነበረች።

«ንግሥቴ መጣች?» ይላሉ እናቷ።

«አልመጣችም እምዬ። መንገድ የለም።»

ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ «ውሻው ጮኸ። እሷ ትሆን?»

እንዲህ አምስት ቀን። በአምስተኛው ቀን እማዋይሽ ማንኪያውን ወረወረችው። «ንግሥቴ፣ ንግሥቴ! አጠገብሽ ያለሁት እኔ ነኝ! እኔስ ልጅሽ አይደለሁም?»

እናቷ ቀና ብለው አዩአት። «አንቺማ አለሽ» አሉና ፊታቸውን ወደ በሩ መለሱ።

በማግስቱ አረፉ።

ለቅሶው ሜዳ ላይ ሰዉ ከቦ እማዋይሽ ከመሐል ቆማ ስታወርድ ረፋድ ሆነ። ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ ያላየ ዐይኗ ያቃጥላታል። ድንገት የለቀስተኛው ክብ በአንድ በኩል ተከፈተና ንግሥቴ ብቅ አለች። የለበሰችው አረንጓዴ ጥልፍ ያለው ነጭ የሐበሻ ቀሚስ ነው፤ እንደ ፋሲካ ማለዳ ያበራል። እጆቿን ወደ ላይ አንስታ ለመጮህ አፏን ስትከፍት፣ የእማዋይሽ ንዴት ቀደማት። ግጥም ሆኖ ወጣ።

ስትጠሪያት ውለሽ ያልደረሰች ልጅ፣
ዛሬስ ተሸልማ ቆማለች ከደጅ።

ሴቶቹ እንደ ልማዱ ተቀበሉ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ፤ ደረታቸውን እየደቁ። ንግሥቴ አፏን እንደከፈተች ቀረች። ከዚያ ዘጋችው። እጇን ዝቅ አደረገች፤ ከኋላ ሆና እናቷን ቀበረች፤ ፍራሽ ላይ ሳትቀመጥ ሄደች።

«ልክ አገባሽላት!» አለች አንዷ ጎረቤት። «ከተማ ገብቶ መዘነጥ እንዲህ ነው!» እማዋይሽም አልተቆጣችም። ኧረ እንዲያውም ቀለል አላት። ለጥቂት ቀን ሸክም ያወረደች መሰላት፤ ንዴት እንዲህ ያታልላል። ግጥሙ ግን ከለቅሶ ሜዳው ከሴቶቹ ጋር ወጥቶ ገበያ ገባ፤ ወፍጮ ቤት ገባ፤ መኪና ተሳፍሮ ፍኖተ ሰላም ደረሰ።

ሁለት ዓመት ሊሞላ ሲል፣ እማዋይሽ ሽንኩርት ልትሸጥ ቡሬ ገበያ ወጥታ ሳለ፣ በርበሬ ዘርግታ ከጎኗ የተቀመጠች ውዳሴ የምትባል የማንኩሳ ሴት ወሬ ጀመረቻት።

«የቡሬዋ አልቃሽ አንቺ ነሽ አሉ። እንግዲያስ ግጥም የገጠምሽው ለኔ ቀሚስ ነው፤ በቁሜ ተወደስኩ!» ብላ ሳቀች።

«የምን ቀሚስ?»

«ያቺ እህትሽ የለበሰችው ነዋ። ከፍኖተ ሰላም በእግሯ መጥታ፣ ወንዙ ጥሏት፣ ጭቃ በጭቃ ሆና ደጄ ቆመች። ‹እናቴ ሳትታመም አልቀረችም፤ ሕልሜ አላምር አለኝ› ትላለች፣ ትንቀጠቀጣለች። እኔ ደኃዋ ምን ደህና ልብስ አለኝ? ያችኑ የፋሲካዬን አለበስኳት። ‹በዚህ እናትሽ ፊት ስትገቢ ደስ ይላቸዋል› አልኳት። እንጃ፣ በሕይወት ያሉ መስሏት ነበር። በሳምንቱ አጥባ፣ ተኩሳ ላከችልኝ።»

እማዋይሽ ያን ቀን ያመጣችውን ሽንኩርት ሳትሸጥ ተመለሰች። መንገዱን ሙሉ የምትሰማው የእናቷን ድምፅ ነበር፤ «አንቺማ አለሽ።» ያኔ እንደ ንቀት ነበር የሰማችው። አሁን ግን ገባት፤ ሰው የሚጠራው ያጣውን ነው እንጂ የያዘውንማ ምን ብሎ ይጠራዋል? እናቷ ያንን እያሉ ነበር። በእህቷ የተናደደች መስሏት ነበር፤ ቅናት ነበር። ከቅናቱም ሥር፣ ለምትሞት እናቷ ማንኪያ የወረወረችበት ሐፍረት ነበር። ይህን ሁሉ ለራሷ ሳትነግረው ለሕዝብ ነገረችው፤ ያውም ስሙን የእህቷ ጥፋት ብላ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ፍኖተ ሰላም ገባች። ንግሥቴ በሩን ከፍታ ትንሽ ቆመች።

«ይግቡ። አረፍ ይበሉ።»

ዱላ ቢያርፍባት ይሻላት ነበር። «እታለም ነበር የምትይኝ» አለች እማዋይሽ፤ ከዚያም እግሯ ላይ ልትወድቅ ጎንበስ ስትል ንግሥቴ ክንዷን ይዛ አነሣቻት።

«ተይ። ይቅር ያልኩሽ ቆይቷል።» ሳታውቀው አንቺ አለቻት። «ለንስሐ አባቴም ነግሬያለሁ።»

«ቀሚሱ የሰው መሆኑን ምነው ያኔ ብትናገሪ?»

«ለማን? ሰዉ ሁሉ ተቀብሎልሽ! ቀሚሱን ተይው። እኔ እምዬን አላለቀስኳትም። አፌን ስከፍት ዘጋሽብኝ። ሁለት ዓመቴ፤ እዚህ ነው ያለው» ብላ ጉሮሮዋን በመዳፏ ያዘች።

«አሁን እናልቅሳት። እኔ ላውርድ፣ አንቺ ተቀበይ። ወይም አንቺ አውርጂ፣ እኔ...»

«አይሆንም። ያንቺን ድምፅ ስሰማ የሚመጣብኝ እምዬ አይደለችም፤ ያ የለቀስተኛ ክብ ነው።» ዐይኗን ወደ መሬት አደረገች። «አንድ ነገር ብቻ ማይልኝ። እኔ ቀድሜ ከሞትኩ፣ ነይ፤ አትቅሪ። ግን ዝም ብለሽ ቅበሪኝ። አንዲት ስንኝ እንዳትገጥሚልኝ።»

የሰው ልጅ ሐዘን ሁሉ ቃል የሚለምናት እማዋይሽ ልትከራከር ነበር፤ ‹ያንቺንማ እንዲህ አድርጌ...› ልትል ነበር፤ ስንኙም እንደ ልማዱ ሳይጠሩት እየመጣ ነበር። በጥርሷ ያዘችው።

«ሚካኤልን» አለች። «አልገጥምም።»

ንግሥቴ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። ወጡ እንዳይይዝ ልታማስል ወደ ጓዳ ገባች። እማዋይሽ ወንበሩ ጫፍ ላይ እንደተቀመጠች የማማሰያውን ድምፅ እያዳመጠች፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ ያለ ግጥም አለቀሰች።