ጋሽ ፍሬን እግሩን ያነሳ ዕለት

ሰው ሁሉ በመልኩ ወይ በጠባዩ ይታወቃል፤ ጋሽ ፍሬን ግን የሚታወቀው በቀኝ እግሩ ነው። ዕድሜውን ሙሉ መኪና መንዳት ሲያስተምር የኖረ ሰው ነው። ይኸውም ዕድሜውን ሙሉ ከለማጅ ጎን ተቀምጦ፣ መሪ ሳይጨብጥ፣ አንዲት ትርፍ ፍሬን ብቻ ከእግሩ ሥር አድርጎ ሞትን ፊት ለፊት ሲያይ የኖረ ማለት ነው። የማስተማሪያ መኪና ሁለት ፍሬን አላት፤ አንዷ ለተማሪው፣ ሌላዋ ለአስተማሪው። ያቺ ሁለተኛዋ ናት ጋሽ ፍሬንን ጋሽ ፍሬን ያሰኘችው። እናቱ ያወጣችለትን ስም ዛሬ ከመታወቂያው በቀር የሚያስታውሰው የለም።

ያ እግር ዕረፍት አያውቅም። ጸጉር አስተካካዩ ምላጩን ወደ ማጅራቱ ሲያስጠጋ እግሩ ወለሉን ይረግጣል። በቴሌቪዥን ኳስ ሲያይ፣ አጥቂው ተከላካዮቹን ሁሉ ጥሎ ብቻውን ወደ ጎል ሲበር፣ ቤቱ በሙሉ "ምታ!" ብሎ ሲነሣ እሱ ይረግጣል። ተኝቶም አይተወው፤ የአልጋው ግርጌ ሳንቃ በተረከዙ ልክ ጎድጉዷል። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ለደንበኞቿ እንዲህ ትላለች፦ "የሌላዋ ባል ተኝቶ ያንኮራፋል፤ የኔው ተኝቶ ሰው ያድናል።"

በኑሮም ያው ነው። የሚስቱ ወንድም "ዶሮ እናርባ" ሲለው ረገጠ። ጎረቤቱ "ቦታ እንግዛ" ሲለው ረገጠ። ዶሮው ተባዛ፣ ቦታውም ላይ ፎቅ በቀለ፤ ጋሽ ፍሬን ግን ምን ተዳዬ ብሎ፣

"የቆመ መኪና ተጋጭቶ አያውቅም" ይላል።

"የትም ደርሶም አያውቅ" ትላለች ሚስቱ፣ ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች። "ወፍ ብቻ ነው የሚያራበት።"

እንግዲህ እንዲህ ያለው ሰው፣ ሽበቱ ከጆሮው አልፎ ቅንድቡ ላይ ሲደርስ፣ የምግብ ዘይትን ወደ ናፍጣ እለውጣለሁ የሚል፣ የበሩ ላይ ጽሑፍ ቀለሙ እንኳ ያልደረቀ ኩባንያ ውስጥ አክሲዮን ገባ ቢባል ማን ያምናል? ገባ! ያውም በሁለት እግሩ።

ኩባንያውን የመሠረተችው አንዲት ወጣት ኬሚስት ናት። የጋሽ ፍሬን ተማሪ ነበረች። "ነበረች" ስል ተሳሳትኩ፤ አሁንም ናት። የመንጃ ፈቃድ ፈተናውን ስንቴ እንደወደቀች ፈታኞቹም እሷም መቁጠር ትተዋል። ስታዞር የመንገድ ዳር ዛፎች ወገባቸውን ሰብሰብ የሚያደርጉ ይመስላሉ። ነገር ግን በወደቀች ማግስት ማለዳ፣ ታጥባው የመጣችው ጸጉሯ ሳይደርቅ፣ ቀበቶዋን ታስርና "ጋሼ፣ ዛሬ ከየት እንጀምር?" ትላለች። ጋሽ ፍሬን በሥራ ዘመኑ ብዙ ደፋር አይቷል፤ እንዲህ በየዕለቱ እየወደቀ በየዕለቱ የሚሥቅ ደፋር ግን አላየም።

አንድ ቀን ቀይ መብራት ይዟቸው ቆመው፣

"ጋሼ፣ ምግብ የተጠበሰበት ዘይት የት እንደሚሄድ ያውቃሉ?" አለችው።

"ወደ ሆድ።"

"የተረፈውስ?"

"ወደ ጎረቤት ቱቦ።"

"እኔ እሱን ነው ናፍጣ የማደርገው። መኪና እነዳበታለሁ።"

"ልጄ፣ አንቺ በናፍጣውም አልነዳሽ፤ በዘይቱ ልትነጂ?"

መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ፣ ከኋላቸው ያለው ሁሉ ጥሩምባ እየነፋ፣ ሁለቱ እንባቸው እስኪመጣ ሣቁ።

ከትምህርቱ በኋላ ወስዳ አሳየችው። ኮረብታው አናት ላይ ያለ የድሮ ጋራዥ ነው። በአንድ ጥግ ከየሆቴሉ የተለቀመ ጥቁር ዘይት በበርሜል ተደርድሯል፤ መሐል ላይ የምታማስልበት ጋን አለ። ዘይቱን አጥልላ ታሞቀዋለች፣ አልኮልና የሳሙና መሥሪያ ሶዳ ጨምራ ታማስለዋለች፣ ከዚያ ትተወዋለች። ሲያድር ወፍራሙ ወደ ታች ይዘቅጣል፤ ከላይ ጥርት ያለ፣ ወርቅማ ነገር ይቀራል። ከዚያው በጠርሙስ ቀድታ በመስኮቱ በኩል ወደ ብርሃኑ አነሳችለት።

ጋሽ ፍሬን ጠርሙሱን አየ። ቀጥሎ ቀኝ እግሩን አየ። እግሩ ዝም ብሏል! በሕይወቱ የመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሰው አዲስ ነገር ሲነግረው እግሩ አልረገጠም። ሌላው ሰው ሐሳቡን ለጠበቃ ያሳያል፣ ለባንክ ያሳያል፤ እሱ እግሩን ጠየቀና ጨረሰ። ጥሪት ስላልነበረው በጥሪት ፋንታ መኪናዋን አክሲዮን አድርጎ ሰጠ። ያቺን ጣሪያዋ ላይ "ለማጅ" የሚል የተሰቀለባትን፣ ከሚስቱ በፊት የሚያውቃትን፣ ማለዳ ሲያስነሣት እንደ እሱው ሦስቴ የምታስለውን አሮጌ የናፍጣ መኪና።

ሚስቱ ድሮም መኪናዋን "ጣውንቴ" ነው የምትላት። ወሬውን ስትሰማ መቀሱን አስቀመጠች።

"እኔን ሳታማክር ጣውንቴን ዳርካት?"

"አልዳርኳትም፤ ሥራ አስገባኋት።"

"ለዚያች ግንብ ለምትስመው ልጅ?"

"መንዳቷን ተዪው፤ ጭንቅላቷ ሌላ ነው።"

"ጭንቅላቷማ ሌላ ነው፤ መስተዋቱ ላይ ሲያርፍ አይቼዋለሁ።"

እንዲህ እያለች ግን ለዘይቱ ማጥለያ የሚሆን ጨርቅ ድርብርብ አድርጋ ሰፋችላቸው። "በነጻ አይደለም" ብላ ለራሷም ትንሽ አክሲዮን አስጻፈች። ጋሽ ፍሬን ቀልድ መስሎት ሣቀ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ጎረቤት እስካሁን ያወራዋል። ኬሚስቷ "የተጠበሰበት ዘይት ያስፈልገኛል" ብላ ነበርና፣ ጋሽ ፍሬን ዘይት ለመለገስ ቆረጠ። ቤቱ ግን የተጠበሰበት ዘይት የለም፤ ሚስቱ ቅባት አትወድም። ምን አደረገ? ሱቅ ሄዶ አዲስ ዘይት ገዛ፤ ከዚያም የተጠበሰበት እንዲሆን ይጠብስበት ጀመር። ድንች ጠበሰ። ድንቹ ሲያልቅ ካሮት ጠበሰ። ጎመን ጠበሰ፣ ሙዝ ጠበሰ፣ የደረቀ ዳቦ ጠበሰ። ሚስቱ የሰፋችው የሙሽራ ቀሚስ ሳይቀር ድንች ድንች ሸተተ። ጎረቤት መጀመሪያ ተጋብዞ በላ፤ ቀጥሎ ተለምኖ በላ፤ በመጨረሻ የጋሽ ፍሬንን ሳሕን ሲያይ በር ይዘጋ ጀመር። የሰፈሩ ድመቶች ወፍረው አጥር መዝለል አቃታቸው።

በመጨረሻ ላቡን እየጠረገ ጀሪካኑን ተሸክሞ ኮረብታውን ወጣ። ኬሚስቷ አሸተተችው።

"ጋሼ፣ ይሄ ገና አዲስ ነው። ምን ጠበሱበት?"

"ያልጠበስኩትን ጠይቂኝ።"

"ለምን?"

"የተጠበሰበት አላልሽም?"

ልጅቱ በርሜሉን ተደግፋ ቁጭ አለች። "ጋሼ፣ እኔ የተጠበሰበትን የምፈልገው ሰው ስለሚጥለው እኮ ነው! አዲሱም ናፍጣ ይሆናል። እንዲያውም ይሻላል።"

ጋሽ ፍሬን ጀሪካኑን ቀስ ብሎ አስቀመጠና፣ "እንግዲያው ለሚስቴ እንዳትነግሪ" አለ። ሚስቱ ግን ከኋላው ሌላውን ጀሪካን ይዛ ቆማ ነበር።

እንዲህ እንዲህ ሲል ዘይቱ የሚፈተንበት ቀን ደረሰ። ከኮረብታው ግርጌ ትልቅ ሆቴል አለ፤ ባለቤቱ ሆዱ ከእሱ ቀድሞ በር የሚገባ፣ ሣቁ ግድግዳ የሚያንቀጠቅጥ ሰውዬ ነው። ኩባንያውን ሊያሳድግ ቃል ገባ፤ ነገር ግን በዓይኑ ካየ ነው። መኪናዋ በዚያ ዘይት ከጋራዡ ተነሥታ፣ ሰፈሩን ዞራ፣ ቁልቁለቱን ወርዳ፣ ሳትቆም ሆቴሉ ግቢ ከገባች እሱም አክሲዮን ይገባል። ካልገባች ሌላ ደጋፊ የለም፤ ኩባንያው ይዘጋል፣ መኪናዋም ተሸጣ የበርሜሎቹን ዋጋ ትሸፍናለች። ይህን ሁሉም ያውቃል። ጋሽ ፍሬን በዚያ ጠዋት ጣሪያዋን በሸሚዙ እጅጌ ሲወለውል ያየው ሁሉ ያውቃል።

ይባስ ብሎ ባለሆቴሉ፣ "ልጅቱ ራሷ ትንዳት" አለ። "መድኃኒት ቀማሚ መጀመሪያ ራሱ ይቅመሰው።"

ለማጅ ያለ አስተማሪ አይነዳም። ስለዚህ ኬሚስቷ መሪው ላይ፣ ጋሽ ፍሬን ፍሬኗን ይዞ ከጎን፣ ሚስቱ ደግሞ "ጣውንቴን ልሰናበት" ብላ ከኋላ ተቀመጡ። ባለሆቴሉ በራሱ መኪና ተከተላቸው።

መኪናዋ ሦስቴ አስላ ተነሣች። ወዲያው ከጭስ ማውጫዋ የትኩስ ድንች ጥብስ ሽታ ወጥቶ ሰፈሩን ሞላው። ውሻ ተከተላቸው፤ ከዚያ ሦስት አራት ሆነ። አንዲት ሴትዮ ዘንቢሏን ይዛ ጎን ለጎን እየሮጠች፣ "በስንት ነው?" አለች። ደግሞ ተአምሩ! ኬሚስቷ አንድም ግንብ አልሳመችም፤ እንደ ውሃ ነው የነዳችው። ጋሽ ፍሬን እግሩ እያሳከከው "ጎሽ፣ ጎሽ" ይላል።

ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ሲደርሱ መኪናዋ አንዴ አሳለች። ሁለቴ አሳለች። ሦስተኛውን አላሳለችም።

"ጋሼ…" አለች ልጅቱ በሹክሹክታ። "ጠፋች።"

"አውቃለሁ።"

"ከኔ ማጥለያ እንዳይሆን" አለች ሚስቱ ከኋላ፣ ድምፅዋ ቀጥኖ።

መኪናዋ ግን ቁልቁለት ይዛለችና መሄዷን አልተወችም። ሞተሯ ዝም ብሎ፣ ጎማዋ ብቻ እያፏጨ፣ እንደ ሐር ትወርዳለች። ከኋላቸው ባለሆቴሉ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ጮኸ፦

"ስሙ! ስሙ እንጂ! ድምፅ እንኳ የላትም! ይሄ ነው እንግዲህ ሥልጣኔ!"

ሦስቱ በመስተዋቱ ተያዩ። የሆቴሉ በር ወለል ብሎ ከታች ይታያል። እንደ ጀመረች ከተንከባለለች ሳትቆም ትገባለች። ጋሽ ፍሬን እግሩን አየው፤ ወደ ፍሬኗ እየተሳበ ነው።

"አንተ ሰው፣ እግርህን እያየሁት ነው" አለች ሚስቱ።

"እኔም እያየሁት ነው።"

"ለአንድ ቀን እንኳ ተዋት! ዕድሜ ልክህን ረግጠሃል፤ ዛሬ ብትተዋት ምን አለ? ትሸጣለች እኮ!"

ሃያ ዓመት ሙሉ "በሸጥካት" ስትል የኖረች ሴት ናት ይህን ያለችው። ጋሽ ፍሬን ጉልበቱን በሁለት እጁ ጨብጦ ወደ ላይ ሳበው። ጉልበቱ አገጩ ሥር ደረሰ። እንዲያ ተጠቅልሎ፣ እግሩን እንደሚያለቅስ ሕፃን አቅፎ፣ ቁልቁለቱን ወረደ። ውሾቹ ይጮሃሉ፣ ሴትዮዋ ዘንቢሏን ታወዛውዛለች፣ በሩ እየቀረበ ነው።

ይሄን ጊዜ ባለሆቴሉ ደስታው ገንፍሎ ጎን ለጎን መጣ። ፊቱ እንደ ልጅ ያበራል። "ጌታው!" አለ፣ "እንዲህ ዝም ብላ የምትሠራው እንዴት ነው? ንገሩኝ እስቲ!"

ጋሽ ፍሬን ያን ፊት አየ። እግሩ ወደቀ። መኪናዋ ሲጥ ብላ፣ የሆቴሉ በር ዘበኛ ኮፍያውን ለሰላምታ እንዳነሣ፣ ከበሩ አንድ እርምጃ ሲቀራት ቆመች።

"አትሠራም" አለ ጋሽ ፍሬን። "ከላይ ጀምሮ ጠፍታለች።"

እሱ እስከ ዛሬ "እግሬ ነው፣ እኔ የለሁበትም" ይላል። ሚስቱ ግን ከኋላ ሆና ያየችው እጆቹን ነው፤ ሲለቁት አይታለች።

ኬሚስቷ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ኮፈኑን ከፈተችና የናፍጣ ማጣሪያውን ፈታች። ከውስጡ ጥቁር፣ ወፍራም፣ እንደ ጫማ ቀለም ያለ ዝቃጭ ተዘረገፈ። አሸተተችው። በጣቷ አሸችው። ከዚያ እዚያው መንገድ መሐል መዝለል ጀመረች።

"ጋሼ! ይሄ የኛ አይደለም! የመኪናዋ ነው! በስንት ዓመት ናፍጣ ሆዷ ውስጥ የተጋገረ እድፍ ነው። የኛው ዘይት አጠባት! እድፉን ፈንቅሎ አምጥቶ ማጣሪያው ላይ ከመረው! ንጹሕ ስለሆነች ነው የቆመችው!"

"እኔ ድሮም ብዬ ነበር" አለች ሚስቱ፣ ማጥለያዋ ነጻ መውጣቱን ስታውቅ ደረቷን ነፍታ። "አታጥባትም ብዬ ነበር።"

ባለሆቴሉ ጎንበስ ብሎ ዝቃጩን አየ፤ ማጣሪያውን አየ፤ ከዚያ አንገቱን ቀና አድርጎ የሆቴሉን የኩሽና ጭስ ማውጫ አየ። ያ ጭስ ማውጫ ቅባቱ ጠጥሮበት በሳሙናም በቢላም አልለቅ ብሎ፣ በንፋስ ቀን ገበታው ላይ ጠብ የሚል የሆቴሉ ነውር ነው።

"እውነት እንዲህ ያጥባል?"

"ያጥባል።"

"ታዲያ" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "መኪና ለምን ትነጂበታለሽ?"

ያን ከሰዓት ጭስ ማውጫው በዚያው ወርቅማ ዘይት ታሸ፤ ማታ ፊት የሚያሳይ ሆነ። ኩባንያው አልተዘጋም። ኬሚስቷ ናፍጣውንም ትሠራለች፤ እንጀራዋ ግን የየሆቴሉ ምድጃና ጭስ ማውጫ ነው። ባለሆቴሉ አክሲዮን የገባው፣ እሱ እንደሚለው፣ በዘይቱ አምኖ ሳይሆን መኪናዋን ከበሩ አንድ እርምጃ አስቀርቶ ባቆማት እግር አምኖ ነው።

መኪናዋም አልተሸጠች። አዲስ ማጣሪያ ገባላትና የቀራትን አንድ እርምጃ ተራምዳ ግቢው ገባች። ዛሬ የኩባንያው ዕቃ አመላላሽ ናት። ኬሚስቷ መንጃ ፈቃዱን ገና አላገኘችምና የሚነዳት ጋሽ ፍሬን ነው፤ ከስንት ዘመን በኋላ በመሪው በኩል! ጀሪካኖቹ ከኋላ እየተንጓጉ፣ መንገዱ ድንች ድንች እየሸተተ ይበርራል።

እንዲያ ሲበርር ባለፈው ሳምንት መኪናዋ ቀጥ አለች። ግራ ተጋብቶ ወደ ጎኑ ዞረ። ሚስቱ በአስተማሪው ወንበር ላይ ተመቻችታ ተቀምጣለች፤ እግሯ ሁለተኛዋ ፍሬን ላይ ነው።

"ምነው?" አለ።

"ፈጠንክ" አለችው። "እኔም አክሲዮን አለኝ።"