ታጥቦ የጠፋው ሰማያዊ ነጥብ

ትናንት ከትምህርት ቤት ስመለስ የጎረቤታችን ልጅ የሳይክሉን ጎማ ሲነፋ ደረስኩበት። ፖምፓውን አንስቼ አፉን በአውራ ጣቴ ደፈንኩና "እስቲ ግፋው" አልኩት። ገፋው። አየሩ ታምቆ፣ ታምቆ፣ ጣቴን ፈንቅሎ ፉፍ! ብሎ አመለጠ። ሳቄ መጣ። ልጁ ምን እንዳሳቀኝ ስላልገባው ፖምፓውን ነጠቀኝ። ጣቴ ላይ የፖምፓው ጥቁር ቅባት ቀረ። እኔ ግን በዚያች ቅጽበት የአሥር ዓመት ልጅ ሆኜ፣ እዚሁ ኮልፌ ግቢያችን ውስጥ፣ ከአባዬ ሴይቼንቶ ኋላ ቆሜ ነበር።

አባዬ ባለታክሲ ነው። ሴይቼንቶ የምትባለው ትንሿ የጣሊያን መኪና ሞተሯ ከኋላ መሆኑን መቼም ታውቃላችሁ። በዚያ ክረምት ዘይት እየጠጣች ሰፈሩን በጭስ ስላስመረረች፣ ጭቃው ገበያውን ሲያቀዘቅዝበት አባዬ ሞተሯን ራሱ አውርዶ ፈታታው። ብረቱ ሁሉ በረንዳው ላይ፣ በጆንያ ላይ ተደርድሮ ከረመ። ቤታችን ቤንዚን ቤንዚን ሸተተ። ዳቦው ሳይቀር።

እንዲያው በሌላ ዓመት ቢሆን ግድ አልነበረንም። በዚያ ዓመት ግን መስቀል ለእማዬ መስቀል ብቻ አልነበረም። እማዬ የጉራጌ ልጅ ናት፤ አባቷ ለሌላ ሰው ሊድሯት ሲሉ ከታክሲ ነጂ ጋር ኮበለለች። ከዚያ ወዲህ ዓይናቸውን አላየችም። መስቀል በመጣ ቁጥር ሰፈሩ አገር ቤት ሲገባ፣ እኛ ጭር ባለው መንደር ውስጥ ከዶሮዎቹ ጋር እንቀራለን። በዚያ ክረምት ግን አያቴ በአንድ ነጋዴ ዘመድ ቃል ላኩባት፦ "ደመራው ሳይለኮስ ከነባልሽ፣ ከነልጅሽ ደጄ ድረሽ። ዘንድሮ ከቀረሽ ሁለተኛ አልልክብሽም።" እማዬ ይህን ቃል ሽንኩርት ስትልጥም፣ ልብስ ስታሰጣም ለራሷ ስትደግመው እሰማት ነበር።

አሁን ወደ ሞተሩ ልመልሳችሁ። ካምሻፍት የሚባለው ዘንግ አየር የሚያስገቡትን፣ ጭስ የሚያስወጡትን ባልቦላዎች ይከፍታል፣ ይዘጋል። ዲስትሪቢተሩ ደግሞ እሳቱን ብልጭታ ለሚረጩት ካንዴላዎች በተራ ያድላል። ሁለቱ ካልተስማሙ እሳቱ ያለ ሰዓቱ ይመጣል። "ቄሱ ሳይጨርሱ አሜን እንደ ማለት ነው" ይለኝ ነበር አባዬ። ስለዚህ ሲፈታው፣ ዲስትሪቢተሩ በየት በኩል ዞሮ እንደነበር እንዳይጠፋው ከታክሲዋ በተረፈው ሰማያዊ ቀለም ነጥብ አድርጎበት ነበር።

ሊገጥም ሲቀመጥ ነጥቡ የለም።

"ሴትዮ! ነጥቤስ?"

"የምን ነጥብ?"

"ሰማያዊዋ!"

እማዬ ከጓዳ ብቅ አለች። "እሷማ እድፍ መስላኝ በላምባና በአመድ ፈትጌ አስለቀቅኳት። ለመስቀል ያላጠብኩት ዕቃ ቤት ውስጥ ይደር እንዴ?"

በእነሱ አገር እንደዚያ ነው። ለመስቀል ግድግዳው ይለቀለቃል፣ የክትፎው ጣባ ይታጠባል፣ የቤቱ ዕቃ አንድ ሳይቀር ይፈተጋል። እማዬ ሞተሩንም ከቤት ዕቃ ቆጥራው ነበር። አባዬ ሳቁም ንዴቱም አንድ ላይ መጣበትና ራሱን በቅባታም እጁ ያዘ። ከዚያ በግምት ገጠመው።

የደመራው ዕለት ጠዋት እማዬ ነጭ ልብሷን ለብሳ፣ የቅቤውን ቅል አቅፋ በረንዳው ላይ ተቀመጠች። አውቶቡሱ ቀደም ብሎ ሞልቶ ሄዷል፤ ያለን ተስፋ ሴይቼንቶዋ ናት። አባዬ ቁልፉን አዞረ።

ጧ!

ዶሮዎቹ አጥር ዘለሉ። ደገመው። ጧ! ጧ! ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው በአጥሩ ላይ አንገቱን አሰገገ። "ጃንሆይ ይሙት፣ ደመራውን ሳንለኩሰው ጀመርከው! ርችቱን ለማታ አታቆየውም?"

ሁላችንም ሳቅን፤ እማዬ ብቻ አልሳቀችም። ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ማጠፍ ጀመረች። "ተወው በቃ። አልተፈቀደልኝም።"

አባዬ ነጠላው ሲታጠፍ አየ። ከዚያ የመጀመሪያውን ካንዴላ ፈታና ጠራኝ። "ነይ፣ ቀዳዳውን በአውራ ጣትሽ ድፈኚ። እኔ ሞተሩን በመፍቻ ሳዞረው ንፋስ ከገፋሽ ጩሂ።"

ደፈንኩ። ብረቱ ይቀዘቅዛል። አባዬ ቀስ እያለ አዞረ። "የሚወጣ የሚወርደው ፒስተን ጫፍ ደርሷል። ገፋሽ?"

"ኧረ ምንም።"

"እንዴት ምንም? ደህና ድፈኚው እንጂ!"

"ደፍኛለሁ እኮ!"

አንድ ዙር ጨመረ። ይሄኔ ከሥር አንድ ነገር ተነሣብኝ፤ ታምቆ፣ ታምቆ፣ ፉፍ! "አባዬ ገፋኝ!"

አባዬ መፍቻውን እንደያዘ ቀረ። "ፒስተኑ ሁለቴ ወደ ላይ ሲወጣ ካምሻፍቱ አንዴ ነው የሚዞረው" አለ፣ ለእኔ ይሁን ለሞተሩ እንጃ። "አንዱን ጊዜ ጭስ ሊያስወጣ ነው የሚወጣው፣ ሌላውን አየር ሊያምቅ። እኔ በጭሱ ሰዓት ነው ለካ እሳት የሰጠሁት!" ዲስትሪቢተሩን ነቅሎ ግማሽ ዙር አዞረና መለሰው፤ ካንዴላውንም ገጠመ።

ቁልፉን ሲያዞር ዓይኔን ጨፈንኩ። አንዴ ሳለች፣ ሁለቴ ሳለች፤ ከዚያ እንደ ልብስ ሰፊው መኪና ትርርር ብላ ቀጠለች። እማዬ ትንፋሿን ስትለቅ ከሞተሩ ድምፅ በላይ ሰማኋት።

"ርችቱ አለቀ እንዴ?" አለ ልብስ ሰፊው።

"አልቋል! ክትፎህን ይዘንልህ እንመጣለን!" አለው አባዬ።

በአየር ጤና ወጥተን የጅማን መንገድ ያዝን። መንገዱ ዳርና ዳር አደይ ነበር። እኔ የኋላው ወንበር ላይ፣ ሞተሩ ጀርባዬን እያሞቀኝ፣ ጧ እንዳይል ጆሮዬን አቁሜ ሄድኩ። አላለም። ስንደርስ ደመራው ቆሟል፣ ገና አልተለኮሰም። አያቴ በትራቸውን ተደግፈው ደጃፋቸው ላይ ቆመዋል። እማዬና አባዬ የአያቴ ጉልበት ላይ ወደቁ። እሳቸውም "መንገዱ ይህን ያህል ሩቅ ነበር እንዴ?" አሉና በእማዬ ራስ ላይ ቅቤ አደረጉላት።

የእኔ ተራ ሲደርስ እጄን ያዙ። አውራ ጣቴ ከሰል መስሏል።

"ታጥባ እምቢ ብሏት ነው አባባ፣ የመኪና ነው" አለች እማዬ አፍራ።

አባዬ ያን ጊዜ ነው ለአያቴ የመጀመሪያ ቃል የተናገረው። "ያደረሰችን በዚህች ጣቷ ነው፣ አባባ።"

አያቴ ጣቴን አገላብጠው አዩት። ቅቤ ዛቁና ቀስ እያሉ ያሹት ጀመር። እማዬ በሳሙና፣ በአመድ ፈትጋ ያቃታት ጥቁር በቅቤው ለቀቀ።

ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ ከመነሣታችን በፊት፣ ማንም ሳያየኝ አውራ ጣቴን ሞተሩ ላይ አሽቼ እሄድ ነበር። አያቴም በየዓመቱ "አሁንም አልጠራሽም?" እያሉ በቅቤ ያሹልኝ ነበር።

ባለፈው ጾም አረፉ።

ትናንት ማታ እራት ስናቀርብ እማዬ ጣቴ ላይ ያለውን የፖምፓ ቅባት አየችው። ሂጂ ታጠቢ አላለችኝም። ጓዳ ገብታ ቅቤ ይዛ መጣች።