«ስህተትህን ንገረን» ሲሉኝ

የመጀመሪያው ቃለ መጠይቄ አሥራ ሁለት ደቂቃ ነው የፈጀው። ደብረ ማርቆስ፣ ኢንተርኔት ቤት ጥግ ላይ፣ የታላቅ ወንድሜን የሠርግ ኮት ለብሼ ተቀምጫለሁ... ስክሪኑ ላይ ሦስት እንግሊዛውያን ሐኪሞች ተደርድረው ያዩኛል።

አገሬ ላይ ጠቅላላ ሐኪም ሆኜ ሠርቻለሁ። አሁን እንግሊዝ አገር በጀማሪ ሐኪምነት ለመቀጠር ነው የምሞክረው። ፈተናዎቹን አልፌያለሁ፣ የሥራ ፈቃዱም እጄ ገብቷል። የቀረኝ የሚቀጥረኝ ሆስፒታል ብቻ ነው... እሱ ነው የጠፋው። ከአርባ በላይ ማመልከቻ ልኬ ለቃለ መጠይቅ የጠሩኝ እነዚህ ብቻ ናቸው። የእንግሊዝኛ ፈተና ውጤቴ ደግሞ ጊዜው ሊያልፍበት ሦስት ወር ቀርቶታል። ካለፈ እንደገና ከሀ መጀመር ነው።

አንዷ ሐኪም ጠየቀችኝ።

«ሥራ ላይ የሠራኸውን አንድ ስህተት ንገረን።»

ሥራ ስጡኝ ብሎ የመጣ ሰው ጥፋቱን ይዘረዝራል እንዴ? ኮስተር ብዬ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እስካሁን ምንም ስህተት አልሠራሁም» አልኳት።

አንድ ነገር ጻፈች። በሦስተኛው ቀን «እናዝናለን» የሚል ኢሜይል ደረሰኝ።

ያን ሰሞን የንስሐ አባታችን መምሬ አያሌው ጠበል ሊረጩ ቤት መጡ። ፊቴን አይተው «ምነው ልጄ፣ ምን ሆነሃል?» አሉኝ። ጥያቄውንም መልሴንም ነገርኳቸው። እናቴ ጓዳ መግባቷን በዓይናቸው አረጋገጡና ጭራቸውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወሩ።

«አልሠራሁም አልክ?»

«አዎ አባ።»

«በቪዲዮ ሲሆን መዋሸት ይፈቀዳል እንዴ?»

አንገቴን ደፋሁ። እሳቸው ያውቃሉዋ።

ነገሩ የሆነው መጀመሪያ በተመደብኩባት ትንሽ ከተማ ውስጥ ነው። የገበያ ቀን ነበር፣ በሽተኛው በር ላይ ተኮልኩሏል። በሩን ከፈት አድርጌ «የሺ!» ብዬ ተጣራሁ። አንዲት ሴት ገባች። ጠረጴዛዬ ላይ ያለው ካርድ ሳንባዋን የታመመች የሺ ነው፣ የገባችው ደግሞ ወገቧን ብላ የመጣች ሌላ የሺ ናት። ቸኩያለሁ... በካርዱ ላይ ያለውን መርፌ አዘዝኩና ተወጋች። አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ሌላ ሴት በሩን ገፋ አድርጋ «እኔስ የሺ የምጠራው መቼ ነው?» ስትለኝ ነው የገባኝ።

ለእሷ የሚገባትን መርፌ ወዲያው ሰጠሁ። ያችኛዋ ግን ወደ አገሯ ሄዳለች። ለማንም አልተናገርኩም። አፍሬም ፈርቼም ነው። እህል አልወርድልህ ሲለኝ ወደ መምሬ አያሌው ሄጄ ተናዘዝኩ። ቀኖና ሰጥተው የሚያሰናብቱኝ መስሎኝ ነበር።

«መጀመሪያ ሄደህ ለሴቲቱ ንገራት። ቀኖናው ከዚያ በኋላ ነው» አሉኝ።

ከደብረ ኤልያስ ወጣ ብላ ባለች ቀበሌ ናት። መኪናው ከጣለኝ በኋላ ሁለት ሰዓት በእግሬ ተጓዝኩ። ደጃፏ ላይ ከባሏ ጋር ሽንብራ እየለቀመች አገኘኋት። ቆሜ ሁሉንም ነገርኳት። መርፌው ያንቺ አልነበረም፣ ደግነቱ አልጎዳሽም፣ ጥፋቱ የኔ ነው አልኩ።

የሺ አፏን ይዛ አየችኝ።

«ኧረ ምነው! እኔኮ እንዲህ ያለ መርፌ የሚያውቅ ሐኪም መጣልን ብዬ ጎረቤቱን ሁሉ ወዳንተ ልኬ!»

ባሏ አልሳቀም። «ያችኛዋስ መርፌዋን አገኘች?» አለኝ። አግኝታለች አልኩት። «እንግዲያ ግባና እህል ቅመስ» አለኝ። እዚያው ወገቧን መረመርኳት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የአባትና የአያት ስም ከነቀበሌው ሳልጠይቅ በሽተኛ ነክቼ አላውቅም። ነርሶቹ «ሐኪሙ ዘር ቆጠራ ጀመረ» እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

«ታዲያ ለእኔ የነገርከኝን ለእንግሊዞቹም ንገራቸው» አሉኝ መምሬ። «ምን አጠፋህ፣ ማንን በደልህ፣ በምን ካስክ፣ እንዳትደግመው ምን አደረግህ... ይኸው ነው። የጠየቁህኮ የኔን ጥያቄ ነው።»

ከአምስት ሳምንት በኋላ ሌላ ሆስፒታል ጠራኝ። ያው ኢንተርኔት ቤት፣ ያው ኮት፣ ስክሪኑ ላይ ሌሎች ሦስት ሐኪሞች። አራተኛው ጥያቄ ያው ጥያቄ ሆነ! አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው፣ ሽንብራውን ሳይቀር።

ሽበታሙ ሐኪም መነጽሩን አወለቀ።

«ባትነግራት ኖሮ ማን ያውቅ ነበር?»

«ማንም አያውቅም።»

«ሄደህ እንድትነግራት ያዘዘህ አለቃህ ነው?»

«እ... እንደዚያ ማለት ይቻላል።»

«ግሩም አለቃ ነው! ስለዚህ ጉዳይ የምስክርነት ደብዳቤ ሊጽፍልህ ይችላል?»

ይኼኔ ጨነቀኝ። እንደገና መዋሸት አማረኝ... የመምሬ ጭራ ትዝ አለኝና ተውኩት።

«አይችሉም። የንስሐ አባቴ ናቸው። ስለዚህ ጉዳይ እንኳን ለእናንተ ለእናቴም አይናገሩም።»

ሦስቱም እንደ ፎቶ ደርቀው አዩኝ። ኔትወርኩ የተቋረጠ መስሎኝ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አልኩ። ከዚያ ዳር ላይ ያለችው ሴት ሳቀች... ከልቧ ነው የሳቀችው። ሳምንት ሳይሞላ «እንኳን ደስ አለህ» የሚለው ኢሜይል መጣ። እንደ ሕፃን አለቀስኩ፣ ኢንተርኔት ቤት ውስጥ፣ ሰው እያየኝ።

ለዚያች አንድ መርፌ መምሬ አያሌው የሰጡኝ ቀኖና ሰባት ቀን ጾምና በየቀኑ አርባ አንድ ስግደት ነበር። እንግሊዞቹ ደግሞ የዓመት የሌሊት ተረኛነት ሰጡኝ... እውነቱን ለመናገር የመምሬው ይቀል ነበር።