የጎረመሰችው ጦጣ

አርብ ጠዋት 12፡00፣ አሶሳ መናኸሪያ

የሸርቆሌ ሚኒባስ ሞተሩን አስነስቶ ሰው ይጠብቃል። ጣሪያው ላይ ፍራሽ፣ ጀሪካንና እግራቸው የታሰረ ዶሮዎች ተጭነዋል። እኔ ከሾፌሩ ጀርባ መስኮት ይዣለሁ። የባዮሎጂ መምህር ነኝ፤ ከጎጃም ተመድቤ መጥቼ አሶሳ ላይ ስድስት ዓመት ሞላኝ። ዛሬ የምሄደው ግን ለማስተማር አይደለም። አንዲት ጦጣ ከመገደሏ በፊት ላያት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አቶ ኢብራሂም የሚባሉ የበርታ ገበሬ፣ የቀድሞ ተማሪዬ አባት፣ ማክሰኞ ደወሉልኝ። «ኡስታዝ፣ ያሳደግኩት ጦጣ ልጅ ነከሰች። ሰፈሩ አርብ ከጁምዓ በኋላ ግደል አለኝ። ጫካ ብለቃትስ?»

እንደ ክፍል ውስጥ መለስኩላቸው። ሴት ጦጣ ከተወለደችበት መንጋ አትወጣም፤ ከእናቷና ከእህቶቿ ጋር ነው የምታረጀው። ባዕድ ሴት ብትመጣ ሴቶቹ ተባብረው ያባርሯታል። ተስፋ የላትም አልኩ። አቶ ኢብራሂም «እሺ» ብለው ዘጉ። ያቺ «እሺ» ሦስት ሌሊት እንቅልፍ ነሳችኝ።

2፡30፣ ከሆሞሻ አለፍ ብሎ

ጎማ ተነፈሰ። ተሳፋሪው ቀይ አቧራውን እያራገፈ ቀርከሃ ጥላ ስር ተቀመጠ። ከመንገዱ ማዶ ማንጎ ላይ የጦጣ መንጋ ሰፍሯል። ጨቅላዎቹ ፀጉራቸው ጥቁር፣ ፊታቸው ሮዝ ነው፤ እናታቸው ሆድ ላይ ተለጥፈዋል። ከፍ ያሉት ፊታቸው ጠቁሮ ፀጉራቸው ግራጫ ሆኗል፤ ጭራ ለጭራ እየተጓተቱ ይላፋሉ። አንዲት ኮረዳ የሌላዋን ልጅ ተቀብላ ታቅፋለች፤ እናትነት እየተለማመደች መሆኗ ነው። ከሁሉም ራቅ ብሎ አንድ ወንድ ብቻውን ተቀምጧል።

«ያ እንግዳ ነው» አለኝ ሾፌሩ ብሎን እየፈታ። «ስመላለስ አየዋለሁ። መጀመሪያ ደም በደም አድርገውት ነበር። አሁን ዝም ይሉታል።»

4፡15፣ ሸርቆሌ አጠገብ፣ የአቶ ኢብራሂም ግቢ

የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ ቀረበልኝ፤ ቀዩ የከርከዴ መጠጥም ተቀዳ። ጦጣዋ ማንጎ ግንድ ላይ በገመድ ታስራለች። ጀርባዋን ሰጥታን ከግቢው በታች ወዳለው ወንዝ ታያለች።

«እናቱን እኔ ገደልኩ» አሉ አቶ ኢብራሂም ሳልጠይቃቸው። «በቆሎዬን ስትበላ በድንጋይ መታሁ። ስጠጋ ልጁ ሆዷ ላይ አለች። ጥቁር፣ ፊቱ ቀይ። እንዴት ትተዋለህ?»

የፍየል ወተት በጨርቅ እያንጠባጠቡ መገቧት። ከአንገታቸው አልወርድ ብላ ወር ሙሉ አብራቸው ዋለች። ፊቷ ጠቆረ፤ ከግልገሎች ጋር ስትላፋ አደገች። አምስት ክረምት እንዲህ አለፈ።

«ዘንድሮ ከፋች» አሉ። «አይበላም። ወንዝ ወንዝ ያያል። የጎረቤት ልጅ ጭራ ሲይዝ ነከሰች።»

በዚህ መሃል ጦጣዋ ወደ እኛ ዞራ አዛጋች። ክራንቻዋ ረዝሟል። ብድግ ስትል ደግሞ ከጭራዋ ስር ያ ሰማያዊ የወንድ ምልክት ታየኝ።

«አቶ ኢብራሂም፣ ይሄ እኮ ወንድ ነው።»

«አዎ፣ ወንድ ነች» አሉ፣ ታዲያ ምን አዲስ ነገር አለ በሚል አስተያየት።

የእሳቸው አፍ መፍቻ በርታ ነው፤ በአማርኛ «እሱ»ም «እሷ»ም እንደመጣላቸው ነው። ስድስት ዓመት ይህንኑ ከተማሪዎቼ አፍ ሳርም ኖሬ፣ በስልክ «ወንድ ነው ሴት?» ብሎ መጠየቅ አቃተኝ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ። ክፉኛ አፈርኩ።

«ተሳስቻለሁ» አልኳቸው። «ወንድ ሲጎረምስ የእናቱን መንጋ ትቶ ባዕድ መንጋ ፍለጋ ይወጣል። አልከፋም፣ ጎረመሰ እንጂ። ጫካ ቢያድግም ኖሮ በዚህ ዕድሜው ይሄድ ነበር።»

«ይነክሱታል?»

«ይነክሱታል።»

«ይገሉታል?»

«እንጃ። እዚህ ከቀረ ግን መሞቱ የታወቀ ነው።»

5፡40፣ ወንዝ ዳር

የአካባቢው የጦጣ መንጋ ውሃ ሊጠጣ ወርዷል። አቶ ኢብራሂም ቋጠሮው አልፈታ ቢላቸው ገመዱን በቢላ ቆረጡት። ጦጣው አልሮጠም። ክንዳቸው ላይ ተቀምጦ ፂማቸውን እንደ ቅማል ለቃሚ ሲፈትሽ ቆየ፤ ከዚያ ወረደ።

የመንጋው ሁለት ወንዶች ጥርሳቸውን አሳዩት፤ አባረሩት፤ ጆሮውን አደሙት። እየጮኸ ወደ እኛ ሮጠ። አቶ ኢብራሂም ሊያነሱት እጃቸውን ዘረጉና መልሰው ሰበሰቡት። ድንጋይ አነሱ። እናቱን በመቱበት እጅ አጠገቡ ወረወሩ፤ ሆን ብለው ሳቱት። «ሂድ» አሉ፤ ሌላም ደገሙ።

ጦጣው ቆሞ አያቸው። ከዚያ ከመንጋው ራቅ ያለ ዛፍ ላይ ወጣና ብቻውን ተቀመጠ። መንጋው ዝም አለው። አቶ ኢብራሂም ወንዙ ላይ ለሶላት ታጥበው፣ ውዱእ አድርገው ወደ መስጊድ ሄዱ፤ አንድም ጊዜ ዞር አላሉም።

11፡30፣ አሶሳ መግቢያ

ስልኬ ጠራ።

«ኡስታዝ፣ ፀሐይ ልትገባ ነው» አሉ አቶ ኢብራሂም። «ወተት ማንጎው ስር አስቀምጬ ነበር። አልመጣችም።»

«እንኳንም አልመጣች» አልኳቸው።