የእትይ ከሪማ አደራ

ሴትዮዋ ጃንጥላዋን ሱቁ ውስጥ ረስታ ወጣች። ገና ከደጃፉ አልራቀችም፤ «እትዬ!» የሚላት ብታገኝ ዘወር ትል ነበር። ፊርደውስ ግን አልተጣራችም። ጃንጥላውን ይዛ ሰው መሀል ገባች፤ በባጃጆች መካከል እየተሹለከለከች እስከ ኮምቦልቻ ታክሲ መሳፈሪያው ድረስ ሮጣ የሴትዮዋን ትከሻ ነካ አድርጋ ጃንጥላውን ሰጠቻትና እያለከለከች ተመለሰች።

የደሴ ልብስ ተራ ያለ ጩኸት አይውልም። የጎረቤቱ ሱቅ ባለቤት ተውፊቅ «ግቡ፣ ግቡ! አዲስ ገብቷል!» ሲል መስታወቱ ይርገበገባል። ፊርደውስን ሲያያት ሳቀ።

«ሸሪፋ፣ የዚችን ልጅ ምላስ ኬላ ላይ ወረሱባት እንዴ?»

«ተዋት አንተ» አለችው ባለሱቋ ሸሪፋ፣ የፊርደውስ አክስት። «ያንተ ጩኸት ለሁለታችንም ይበቃል።»

ፊርደውስ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። እስካለፈው ነሐሴ ድረስ ኩታበር ገጠር ከእናቷ ከቢልቂስ፣ ከአባቷ ከአብዱልወሀብና ከታላቅ ወንድሟ ከሂሻም ጋር ትኖር ነበር። ያኔ ድምፅ ነበራት፤ ከተረተሩ ላይ ሆና ስትጣራ ማዶ የሚያርሱት በሬዎች ሳይቀሩ ቀና ይሉ ነበር።

ያን ሰሞን ዝናቡ ዘጠኝ ቀን አላባራም። በዘጠነኛው ቀን፣ ከአሱር ሶላት በኋላ፣ ተራራው ተናደና የጎረቤታቸውን የእትይ ከሪማን ቤት እስከ ወገቡ ዋጠው። ፊርደውስ ከወፍጮ ስትመለስ ከማዶ አየችው። ከክዳኑ ላይ ቀጭን ጭስ ይወጣል። ጭስ ካለ ሰው አለ።

«የሰው ያለህ! ጀመዓ፣ ድረሱ!»

እንዲህ ያለ ጩኸት ሰምቶ ቤቱ የሚቀር ወንድ በዚያ አገር የለም። ዶማና አካፋቸውን ይዘው ከየአቅጣጫው መጡ። አባቷ ጭቃው ውስጥ ከመግባቱ በፊት ቀና ብሎ ጠየቃት።

«ፊርዱ! ሰው አለበት?»

«አለበት! እትይ ከሪማ አለች!»

ሁለተኛ አልጠየቃትም። ገባ። ሂሻም ተከተለው። በሩን ሊያገኙት ጥቂት ሲቀራቸው የተራራው ቀሪ ወረደ። አምስት ሰው ዋጠ፤ አባቷና ሂሻም ከአምስቱ ነበሩ።

ቤቱ ውስጥ ማንም አልነበረም። ከሪማ ለለቅሶ ቢስቲማ ከተማ ሄዳ ነበር፤ የሚጨሰው ያዳፈነችው እሳት ነው።

ፊርደውስን ያፈናት ግን ይህ ብቻ አይደለም። ያን ቀን ማለዳ ከሪማ በደጃቸው ስታልፍ «ፊርዱዬ፣ ቢስቲማ ለቅሶ አለብኝ፤ ነገ ነው የምመለስ። ቤቴን አደራ» ብላታለች። ፊርደውስ ሻሿን እያጠበች ነበር። ቀና እንኳ ሳትል «እሺ እትይ» አለች፤ ቃሉም ከአረፋው ጋር ፈሶ ሄደ። ትዝ ያላት በማግስቱ ነው፤ ከሪማን በሕይወት፣ ከቀብሩ ዳር ቆማ ስታያት። ዓይን ለዓይን ተያዩ። ከሪማ ቀድማ ዓይኗን ሰበረች።

አገሬው «ለማንም ሳትናገር ቤቷን ጥላ ሄዳ ሰው አስፈጀች» አለ። ከሪማ «ለልጅቷ ነግሬያት ነበር» ብትል በአንዲት ቃል ነጻ ትወጣለች። አላለችም። ሰው የሌላ ሰውን ልጅ በዝምታው ደብቆ ዓመት ሙሉ ወቀሳ ይጠጣል? ከሪማ ጠጣች። ኋላም ገራዶ ወዳለችው ልጇ ዘንድ ገባች።

ረቡዕ ዕለት ቢልቂስ ፊርደውስን ልትወስዳት ደሴ መጣች። እርጥብ ሻርፗን ሳታወልቅ ከጨርቁ ክምር አጠገብ ተቀመጠች።

«የዓመቱ ሰደቃ ነገ ሐሙስ ነው» አለች። «የቅሬው እድርተኛ አንድ ሳይቀር ይመጣል፤ ከከሪማ በቀር። እሷ ደጄን አትረግጥም።»

«ኧረ ተይ ቢልቂስ» አለች ሸሪፋ። «በሙታኑ ሰደቃ ላይ ቂም ይያዛል?»

«ለአንድ ሰው ተናግራ ብትሄድ ምን ነበረበት? ለአንድ! ለዚች ለልጄ እንኳ ብትነግራት…»

ጨርቅ ትቆርጥ የነበረችው ፊርደውስ መቀሱን አስቀመጠች።

«ነግራኛለች።»

«ምን አልሽ? አልሰማሁሽም።»

«ነግራኛለች እማ!» ድምፁ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። «ጠዋት ነግራኝ ረሳሁት። አባ ሰው አለበት ወይ ሲለኝ፣ አለበት ያልኩት እኔ ነኝ።»

ጎረቤታቸው ተውፊቅ «ግቡ» ማለቱን አቋረጠ።

ቢልቂስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች። «ሂሻምም ያን ስትይ ሰምቶሻል?»

«ሰምቶኛል።»

ፊርደውስ ጥፊውን ጠበቀች። እንዲያውም ናፈቀችው፤ ጥፊ ቢያንስ ያልቃል። እናቷ ግን አልመታቻትም፤ አላቀፈቻትምም።

«ዓመት ሙሉ» አለች ቢልቂስ ለራሷ፣ «አሰላሙ ዓለይኩም ባለችኝ ቁጥር ፊቴን አዞርኩባት።» ተነሣች። «ጫማሽን አድርጊ።»

በሚኒባስ ገራዶ ወረዱ። የከሪማ ልጅ ቤት ከአስፋልቱ በታች፣ ከባሕር ዛፎቹ ወዲያ ነው።

«እኔ እዚህ እቆያለሁ» አለች ቢልቂስ። «ከአጥሩ ስትደርሺ ጮክ ብለሽ ጥሪያት። እማ ለሰደቃው ጠርታሻለች በያት። ሌላውን አንቺ ታውቂዋለሽ።»

«አብረን እንሂድ እማ።»

«በምን ፊቴ? ይልቅ ዝናቡ ሳይመጣ ሂጂ።»

ፊርደውስ አንድ እርምጃ ሄዳ ዞረች። «እማ… ተቀይመሽኛል?»

ቢልቂስ ማዶ ያለውን ተራራ አየች። «አላውቅም ልጄ። ዛሬ አትጠይቂኝ።»

ልጅቷ በጤፉ ማሳ መሀል በጭቃው መንገድ ቁልቁል ወረደች። ግማሽ መንገድ ላይ ቆመች። ልትመለስ ነው ሲባል ጎንበስ ብላ የጫማዋን ጭቃ በድንጋይ ጠረገችና ቀጠለች። ሻሿ እያነሰ፣ እያነሰ ሄዶ ባሕር ዛፎቹ ከለሉት። ቢልቂስ የልጇን ጥሪ ለመስማት ከአስፋልቱ ዳር ጆሮዋን ወደዚያ ጥላ ቆመች።